እማዬ፣ ከጉብታው ውረጂ

እሑድ ቅዳሴ ካበቃ በኋላ፣ ወደየሥራ ቤታችን ከመበተናችን በፊት፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆመን የምንጨዋወተውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የደመወዝ፣ የመኖሪያ ፈቃድና የጤና ነገር ይነሣል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ወሬው የሚያርፈው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ «እናንተ አገር ኔትወርክ እንዴት ነው?» ከሆሳዕና አካባቢ የመጣችው እኅታችን የወላጆቿ ቤት ከመኪና መንገድ አጠገብ ስለሆነ ፊታቸውን ሳይቆራረጥ እንደምታይ በደስታ ትናገራለች። ከዓዲግራት ወዲያ ካሉት ተራሮች የመጣችው ደግሞ ዝም ትላለች። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረበት ዘመን የእናቷን ድምፅ ሳትሰማ የቆየችባቸውን ወራት ስለምታስታውስ፣ ስለ ምስል ጥራት መነጋገር ለእርሷ ቅንጦት ይመስላታል። እኔ የእምድብር አካባቢ ልጅ ነኝ፤ መልሴም ሁልጊዜ «እንደ ቦታው ነው» የሚል ነበር።

«እንደ ቦታው ነው» የሚለውን ቃል ትርጉሙን ሳላውቅ ብዙ ጊዜ ተናግሬዋለሁ። ትርጉሙን ያስተማረኝ የእናቴ እጅ መሰበር ነው። ይህን የምጽፈው ከእኔ ስሕተት አንድ ሰው እንኳ ቢማር ብዬ ነው።

ቤታችን ከእምድብር ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያስኬዳል። እምድብርን ለማያውቋት፣ በጉራጌ ምድር በቸሃ የምትገኝ፣ የካቶሊካዊ ሀገረ ስብከታችን መንበር ያለባት ትንሽ ከተማ ናት። መንደራችን በሁለት ገመገሞች መካከል ዝቅ ብላ ተቀምጣለች። ሣር የለበሰው ሰፊው ጀፎረ በመካከሏ ያልፋል፤ በግራና በቀኙ ጎጆዎቹ ተደርድረዋል፤ ከየጎጆው ጀርባ እንሰቱ ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል፤ ከእንሰቱ ወዲያ የባሕር ዛፉ አጥር አለ። ለዓይን መልካም ናት። ለሬዲዮ ሞገድ ግን፣ ኋላ እንደ ተማርኩት፣ እንደ እርሷ ያለች መንደር አስቸጋሪ ናት።

በአገራችን እስከ 2014 ዓ.ም. ማብቂያ ድረስ የሞባይል አገልግሎት የሚሰጠው ኢትዮ ቴሌኮም ብቻ ነበር። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሥራውን በይፋ ሲከፍት፣ ምርጫ የሚባል ነገር በስልክ ዘንድም መጣ። እኔም ለእናቴ ዘመናዊ ስልክ ገዝቼ ወደ አገር በምትመለስ እኅት እጅ በላክሁ ጊዜ፣ ታናሽ ወንድሜን «ከሁለቱም ኩባንያ አዲስ ሲም አውጣ፤ የቱ እንደሚሻል በየቦታው ሞክረህ ንገረኝ» አልሁት። ወንድሜ ወልቂጤ የሚሠራ ጠንቃቃ ልጅ ነው፤ ቅዳሜ መጥቶ እንደ ታዘዘው አደረገ። የትኛው የየትኛው ኩባንያ እንደ ነበረ አልጽፍም፤ በሌላ ቀበሌ ነገሩ ተገልብጦ ሊገኝ ይችላልና።

ወንድሜ በሦስት ቦታ ሞከረ። በመጀመሪያ በቤት ውስጥ፣ በምድጃው አጠገብ፤ እዚያ አንደኛው ሲም ሁለት መስመር አሳየ፤ ድምፅና አጭር የጽሑፍ መልእክት ያስተላልፋል፤ ኢንተርኔት ሲከፈት ግን ክቧ ዝም ብላ ትሽከረከራለች። ሁለተኛው ሲም በቤት ውስጥ ምንም አልነበረውም። ቀጥሎ በጀፎረው ላይ፤ እዚያ አንደኛው በዝግታም ቢሆን የድምፅ መልእክት ያወርዳል፤ ሁለተኛው ብቅ ጥልቅ ይላል። በመጨረሻ ከመንደሩ በላይ ባለው ጉብታ፣ ከብቶች በሚውሉበት ሜዳ፤ እዚያ ሁለቱም ይሠራሉ፤ ሁለተኛው ግን እንደ ከተማ ፈጣን ነበር። ወንድሜ ከጉብታው ላይ ሆኖ በምስል ደወለልኝ። የሰማዩን ደመና፣ የገመገሙን ሣር፣ የጎረቤታችንን ጥጃ ሳይቀር አየሁ። አለቀስሁ። ወዲያውም «ሁለተኛውን ለእማዬ አድርግላት» አልሁት። አንደኛውን እርሱ ለራሱ ስልክ ወሰደው።

ያን ጊዜ ትክክለኛ ንጽጽር ያደረግሁ መስሎኝ ነበር። ሁለቱን መዝኜ ፈጣኑን መርጫለሁና። ነገር ግን የመዘንሁት በእኔ ሚዛን ነበር። የጠየቅሁት «የትኛው ጥሩ ምስል ያሳየኛል?» ብዬ ነው፤ «እናቴ በምትኖርበት በምድጃዋ አጠገብ የሚደርሳት የትኛው ነው?» ብዬ አልጠየቅሁም። ስለዚህ በቤቷ ሳለች ጨርሶ የማይሠራ፣ ከጉብታ ላይ ብቻ የሚሠራ ስልክ ለእናቴ አስታጠቅኋት።

ይህ ለምን እንደሚሆን ያስረዳኝ ከቁምስናችን አንድ ወንድም ነው፤ ሙያው የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ነው። እንዲህ አለኝ፦ የሬዲዮ ሞገድ እንደ ድግግሞሹ ጠባዩ ይለያያል። በ900 ሜጋሄርትዝ የሚጓዘው በ1800 ወይም በ2100 ከሚጓዘው ይልቅ ሩቅ ይደርሳል፤ በቅጠልና በግድግዳም አልፎ ለመግባት የተሻለ አቅም አለው። ለድምፅ የሚያገለግለው የቆየው 2ጂ ብዙ ጊዜ በዚህ ዝቅተኛ ሞገድ ስለሚሠራ እንሰቱን አልፎ ጎጆ ይገባል። ፈጣኑ ዳታ ግን ጠንካራና ጥርት ያለ ሞገድ ይፈልጋል፤ ገመገም ሲጋርደው ይደክማል። ደግሞም ስልክ ሰሚ ብቻ ሳይሆን ተናጋሪም ነው። የምሰሶው ጉልበት ብርቱ ነው፤ የእጅ ስልክ ግን በ2ጂ ሲናገር እስከ 2 ዋት፣ በ4ጂ ሲናገር 0.2 ዋት ያህል ጉልበት ብቻ ነው ያለው። «ምሰሶው ከሩቅ ይጣራል፤ የእናትሽ ስልክም ይሰማዋል፤ እርሱ ሲመልስ ግን ድምፁ አይደርስም» አለኝ። በስልኩ ላይ መስመር እየታየ ኢንተርኔቱ እምቢ የሚለው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ሽፋን ካርታም ነገረኝ። ኩባንያዎች በየአገሩ «ይህን ያህል በመቶ ሸፍነናል» ሲሉ፣ የሕዝቡን ብዛት ወይስ የምድሩን ስፋት እንደ ቆጠሩ፣ ድምፁን ወይስ ዳታውን እንደ ለኩ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሕዝብ በከተማና በመንገድ ዳር ስለሚከማች፣ ጥቂት ምድር ተሸፍኖ ብዙ ሕዝብ ተሸፈነ ሊባል ይችላል። ሊባኖስ ስፋቷ 10,452 ካሬ ኪሎ ሜትር ናት፤ ሕዝቧም አብዛኛው ከተሜ ነው። የእኛ አገር ከእርሷ ከመቶ እጥፍ በላይ ትሰፋለች፤ ከሕዝባችንም ሦስት አራተኛ ያህሉ በገጠር ተበታትኖ ይኖራል። በየገመገሙ ምሰሶ ማቆም፣ ለምሰሶው ደግሞ የኤሌክትሪክ መስመር በሌለበት በፀሐይ ኃይልና በባትሪ ወይም በጄኔሬተር መብራት ማቅረብ ቀላል ሥራ አይደለም። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ግን ከጉዳቱ በኋላ ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ዐሥር ሰዓት የእኔና የእናቴ ቀጠሮ ነበር። እኔ ከቅዳሴ ተመልሼ ሥራዬን እስክጀምር ባለችው ጥቂት ጊዜ እደውላለሁ፤ እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ በሰማይና በሣር መካከል ትታየኛለች። «እማዬ፣ ምነው ሁልጊዜ ውጭ ነሽ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። «ነፋሱ ደስ ይለኛል፣ ልጄ» አለችኝ፤ አመንኋት። ስልሳ አምስት ዓመት የሆናት፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት በየእሑዱ ገመገም የምትወጣው ነፋስ ፍለጋ ነው ብዬ ማመኔ ዛሬ ያሳፍረኛል። ማመኑ ግን ይመቸኝ ነበር። ከዚህ አገር ወደ ኢትዮጵያ በቀጥታ መደወል ውድ ነው፤ ረዘም ያለ ጥሪ የአንድ ቀን ድካሜን ይበላል። በኢንተርኔት ሲሆን ግን እስክጠግብ ባወራ ምንም የሚጨምርብኝ ነገር የለም። ለእኔ በነጻ የሆነው ነገር ዋጋው ቀርቶ ሳይሆን እናቴ በጉልበቷ ስለምትከፍለው ነበር።

መስከረም 17 ቀን 2017 ዓ.ም. የመስቀል ዕለት ነበረ። የጉራጌ ልጅ መስቀልን ከቤቱ ርቆ ሲያሳልፍ ምን እንደሚሰማው ለጉራጌ ልጆች አልነግርም፤ ለሌሎቻችሁም በቃል ብነግራችሁ አይደርሳችሁም። ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማ፣ ከሐዋሳ ያለው ሁሉ ወደ ቤቱ ይገባል፤ በዓመት አንድ ቀን መንደሩ ሰው ይጠግባል። በዚያው ሳምንት ሊባኖስ በጦርነት እሳት ውስጥ ነበረች። በዚያ ምሽት ዐሥራ ሁለት ሰዓት አልፎ ጥቂት እንደ ሆነ፣ የቤይሩት ደቡባዊ ዳርቻ በተደበደበ ጊዜ፣ ያለሁበት ቤት መስኮቶች ተርገፈገፉ። በበጋ ወራት የሁለቱ አገሮች ሰዓት አንድ ነው፤ በእናቴም ቤት ዐሥራ ሁለት ሰዓት አልፎ ነበር፤ እንግዶቹም በገበታ ዙሪያ ተቀምጠው ነበር።

እኔ ወዲያው ስልኬን አንሥቼ «እማዬ፣ ደህና ነኝ፤ አትስጊ» ብዬ በድምፅ ቀርጬ በኢንተርኔት ላክሁ። ልኬ አበቃሁ፤ ተግባሬን የፈጸምሁ መሰለኝ። መልእክቱ ግን አልደረሰም። የእናቴ ስልክ በቤት ውስጥ ሞገድ አልነበረውም። የቤይሩትን ወሬ የሰማችው ከእንግዶቹ አንዱ ሬዲዮ ሲከፍት ነው። ማንም ሳያያት ነጠላዋን አንሥታ በጨለማ ወደ ጉብታው ወጣች። በዚያ ምሽት ግን ጉብታውም አልረዳትም። አንድ ምሰሶ የሚይዘው አቅም ውስን ነው፤ በዙሪያው ያሉት ሁሉ ይካፈሉታል፤ በመስቀል ደግሞ በየመንደሩ በመቶ የሚቆጠሩ የከተማ ልጆች ስልካቸውን ይዘው ይገባሉ። እናቴ እስከ ሦስት ሰዓት ቆመች። ስትወርድ የመስከረም ሣር ገና እርጥብ ነበረና አዳለጣት፤ በግራ እጇ ተደግፋ ወደቀች፤ አንጓዋ ተሰበረ።

በዚያች ሰዓት ወንድሜ እዚያው ቤት ነበረ። በምድጃው አጠገብ የሚሠራው አንደኛው ሲም በኪሱ ነበረ፤ ቁጥሩም በእጄ ነበረ። አንድ ደቂቃ በቀጥታ ብደውል፣ ወይም ሁለት ቃል በአጭር መልእክት ብጽፍ፣ ያ ሁሉ ባልሆነ ነበር። ከሆሳዕና የመጣችው እኅታችን በዚያ ምሽት እንዲህ አድርጋለች፤ ለታላቅ ወንድሟ ደውላ «ደህና ነኝ» ብላ ዘጋች፤ ቤተሰቧም በሰላም አደረ። እኔ ግን በነጻ መላክ ስለ ለመድሁ ሌላው መንገድ በልቤ እንኳ አልመጣም።

መሰበሯን አልነገሩኝም። «በባዕድ አገር፣ በጦርነት መካከል ላለች ልጅ አይነገርም» ተባብለው ተማማሉ። በማግስቱ ወደ ወጌሻ፣ ቀጥሎም ወደ ሐኪም ቤት ወሰዷት። ከሁለት ሳምንት በኋላ በለመድነው ሰዓት ስደውል እናቴ እንደ ወትሮው በጉብታው ላይ ታየችኝ። ግራ እጇ ከነጠላዋ ሥር ነበረ፤ ስልኩን የያዘላት የወንድሜ ትንሽ ልጅ ነው። «ሕፃኑ ስልክ ለምዷል፣ ይያዘው ብዬ ነው» አለች። ይህም ታመነ። ታኅሣሥ ውስጥ፣ የተኩስ አቁሙ ከተደረገ በኋላ፣ ያው ሕፃን በንጹሕ አፉ «አያቴ እጇን ከሰበረች ጀምሮ ውኃ አትቀዳም» አለኝ። እናቴ ልታስቆመው ሞከረች፤ ቃሉ ግን ከአፉ ወጥቶ ነበር።

መጀመሪያ የተቆጣሁት በኔትወርኩ ነው። ኩባንያዎቹን፣ መንግሥትን፣ ገመገሙን፣ ጦርነቱን ሁሉ በየተራ ከሰስሁ። ለወንድሜም ክፉ ተናገርሁት። እርሱ ግን «እኅቴ፣ እኔ ሦስቱንም ቦታ ነግሬሽ ነበር፤ የመረጥሽው አንቺ ነሽ» ብሎ በቀስታ መለሰልኝ። መልስ አልነበረኝም። ቢሆንም ቃሉ ከልቤ አልገባም ነበር፤ ልብ የማትቀበለውን እውነት ጆሮ ይዞ ይቆያልና።

ከልቤ የገባው በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ነው። የምሠራበት ቤተሰብ በየበጋው ከቤይሩት ሙቀት ሸሽቶ በተራራ ላይ ወዳለው መንደሩ ይወጣል። መንደሩ የማሮናውያን ነው፤ በገደል አፋፍ ላይ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አለው። የቤቱ ኢንተርኔት በሰፈሩ ጄኔሬተር መብራት ይሠራል፤ ጄኔሬተሩ ሲያርፍ ኢንተርኔቱም ያርፋል። የስልኬ ዳታ ደግሞ ቤቱ ከቋጥኙ ጥላ ሥር ስለሆነ አይደርስም። በእነዚያ ቀናት እናቴ ሳል ይዟት ነበርና ከወንድሜ ወሬ እጠብቃለሁ። ሥራ ሲያልቅ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በጨለማ የድንጋዩን ደረጃ ወጥቼ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አደባባይ ሄድሁ። እዚያ አንድ ጥግ አለ፤ ስልኩን ከፍ አድርገው ሲይዙት አንድ መስመር ይመጣል፤ ዝቅ ሲያደርጉት ይሄዳል። ነፋሱ ይበርዳል። ክንዴ ዛለ። መልእክት አልመጣም። ግማሽ ሰዓት ቆሜ ስመለስ በደረጃው ላይ እግሬ አዳለጠኝ፤ አጥሩን ይዤ ተረፍሁ።

እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ። «ነፋሱ ደስ ይለኛል፣ ልጄ» የሚለው ድምፅ በጆሮዬ መጣ። ለሁለት ዓመት ያህል በየእሑዱ እናቴን ወደዚህ ነበር የጠራኋት። አገሩ ሌላ ነው፤ ጨለማው፣ ብርዱ፣ የሚዝለው ክንድ ግን አንድ ነው። ልዩነቱ፣ እኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴም አያመኝም።

በዚያ ሌሊት የዘኬዎስ ታሪክ ትዝ አለኝ። ልጆች ሳለን በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል የምንወደው ታሪክ ነው፤ ቁመቱ ያጠረው ሰው ጌታን ለማየት ሾላ ላይ ይወጣል። እኔ ሁልጊዜ የማስበው መውጣቱን ነበር፤ ለማየት የሚደክም ሰው ምሳሌ አድርጌ ነበር የያዝሁት። ያን ምሽት ግን ሌላው ክፍል ታየኝ። ጌታ ዘኬዎስን ከዛፉ ላይ ሆኖ እንዲያነጋግረው አልተወውም። ቶሎ እንዲወርድ አዘዘው፤ በዚያ ቀን በእርሱ ቤት ሊያርፍ እንደሚገባው ነገረው። የዘኬዎስ መውጣት የፍቅር ምልክት ነበር፤ ጌታ ግን ያን ፍቅር አይቶ ወደ ቤቱ ሄደ። እምነታችንም የሚነግረን ይህንኑ ነው፤ እኛ ወደ እርሱ መውጣት ባቃተን ጊዜ እርሱ ወደ እኛ ወረደ፤ በግርግም ተኛ። እኔ እናቴ ስለምትወደኝ ወደ ጉብታው እንደምትወጣ አይቼ፣ በየሳምንቱ እንድትወጣ አደረግኋት።

ከተራራው እንደ ወረድን ለወንድሜ ደወልሁ፤ በቀጥታ ደወልሁ። «አንደኛውን ሲም ለእማዬ መልስላት፤ ስልኳ ሁለት ሲም ይይዛል» አልሁት። እንደ እውነቱ ከሆነ ስልኩ ከመጀመሪያውም ሁለት ይይዝ ነበር። ከዚያ እናቴን እንዲህ አልኋት፦ «እማዬ፣ ከጉብታው ውረጂ። ከእንግዲህ እኔ ነኝ የምመጣው፤ አንቺ ምድጃሽ ጋ ቁጭ በይ።» ጥቂት ዝም አለች። «ፊትሽን እንዴት ላይ ነው ታዲያ?» አለችኝ። ይህን አላሰብሁም ነበር። ለእኔ ብቻ ነበር የመሰለኝ መጓጓቱ። ስለዚህ ተስማማን፤ በወር አንድ ጊዜ፣ ዝናብ በሌለበት ቀን፣ ወንድሜ ከወልቂጤ ሲመጣ ይዟት ወደ ጉብታው ይወጣል። በሌሎቹ እሑዶች እኔ ቤቷ ድረስ በድምፅ እገባለሁ፤ ጥሪውም ዐሥር ደቂቃ ነው። ገንዘቡን የማገኘው ሌላ ነገር ቀንሼ ነው፤ ምን እንደ ቀነስሁ ለእናቴ አልነገርኋትም። እርሷም ስለ ነፋሱ አልነገረችኝም ነበር።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ የተማርሁትን ጥቂት ነገር ላካፍላችሁ። ሲም ከማስገዛታችሁ በፊት ፍጥነቱን ሳይሆን ቦታውን ጠይቁ፤ ወላጆቻችሁ በሚተኙበትና በሚያበስሉበት ቤት የሚደርሰው የትኛው እንደ ሆነ ጎረቤት ይንገራችሁ። ለአስቸኳይ ነገር አጭር የጽሑፍ መልእክት ወይም ቀጥታ ጥሪ ተጠቀሙ፤ አጭር መልእክት ስልኩ ሞገድ እስኪያገኝ ድረስ በኔትወርኩ ውስጥ ይቆያል፤ ኢንተርኔትም አይፈልግም። ምስል የማያልፍበት ቦታ የተቀዳ ድምፅ ሊያልፍ ይችላል፤ የአንድ ደቂቃ ድምፅ ክብደቱ ከአንድ ሜጋባይት በብዙ ያንሳል፤ ምስል ግን በደቂቃ ብዙ ሜጋባይት ይበላል። በቤት ውስጥ ዳታ ከሌለ ዳታውን እንዲያጠፉት ንገሯቸው፤ ስልክ ደካማ ሞገድ ሲፈልግ ባትሪውን ይጨርሳልና፤ ባትሪ ለመሙላት ሩቅ ለሚሄድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቴሌብርም ያለ ኢንተርኔት በ*127# ስለሚሠራ፣ የደረሳቸውን ገንዘብ ለማየት ብቻ ዳታ ፍለጋ እንዳይንከራተቱ አስረዷቸው። በበጋ ሰዓታችን አንድ መሆኑን፣ በክረምቱ ወራት ግን ሊባኖስ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ እንደምትቀር አትርሱ፤ በብርድ ወራት አመሻሽቶ መደወል ለእነርሱ ሌሊት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው፤ «ስደውልልሽ የት ነው ቆመሽ የምታነሺው?» በሉ። መልሱ «ነፋሱ ደስ ይለኛል» ከሆነ ሁለተኛ ጊዜ ጠይቁ።

መስቀል መስከረም 17 ቀን 2018 ዓ.ም. በዋለ ጊዜ፣ ጠዋት፣ መንደሩ በጥሪ ሳይጨናነቅ በፊት ደወልሁ። እናቴ በሁለተኛው ጥሪ አነሣች። ፊቷን አላየሁም። ነገር ግን የእሳቱ ፍንጣሪ ይሰማኝ ነበር፤ የቢላዋው ድምፅ በጣውላው ላይ፣ የሕፃኑ ሣቅ፣ የጎረቤት «እንኳን አደረሳችሁ» ሁሉ ይሰማኝ ነበር። ለብዙ እሑዶች ከጉብታው ላይ ሰማይና ሣር ሳይ ይህን ሁሉ አልሰማሁም ነበር፤ ቤታችን በጉብታው ላይ አይደለምና። እናቴ ስልኩን ትታው ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ እንዳልዘጋው ግን ነገረችኝ። እኔም ጥሪው እስኪያልቅ ድረስ ዝም ብዬ እዚያ ቤት ቆየሁ።

በስደት ያለን ሁላችንን፣ በየገመገሙ የሚጠብቁንንም ሁሉ፣ እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም በጥበቃዋ ትያዘን። አሜን።